ሰው ቤት ውስጥ ሲሞት ፍራሹ፣ ምንጣፉና ወለሉ ምን ይደረግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ረጅም መግቢያ ለማንበብ አቅም የለውምና ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና የዕድር ሰዎች ደጋግመው ወደሚጠይቁት በቀጥታ እንግባ።

ሰው ቤት ውስጥ በሞተ ቁጥር ፍራሽና ምንጣፍ መጣል ግድ ነው?

አይደለም። ታመው የተኙ አባት ቤተሰብ በተሰበሰበበት ቢያርፉና አስከሬናቸው በዚያው ቀን ተገንዞ ቢወጣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ማጠብ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማስጣትና ቤቱን ማናፈስ ብቻ ነው። ሞት በራሱ ዕቃን አይበክልም። ደህናው ፍራሽ «ሰው ሞቶበታል» ተብሎ ሲጣል፣ በሌላ ቤት ደግሞ መጣል የነበረበት ፍራሽ ታጥቦ ልጅ ሲተኛበት ማየት እኩል ያሳዝናል።

ነገሩ የሚለወጠው ከሰውነት የወጣ ፈሳሽ ዕቃው ውስጥ ሲሰርግ ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው ብዙ ደም የፈሰሰበት ሞት ነው፤ አደጋ፣ ጥቃት፣ ራስን ማጥፋት፣ ከወሊድ በኋላ የመጣ መድማት። ሁለተኛው ብቻውን የሚኖር ሰው ሞቶ ቀናት ካለፉ በኋላ ሲገኝ ነው። በዚህኛው ጊዜ ሙቀት ወሳኝ ነው፤ በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ቀስ ብሎ የሚመጣው ለውጥ በሰመራ ወይም በጋምቤላ ሙቀት በእጅጉ ይፈጥናል።

ለፖሊስ ሳላሳውቅ ማጽዳት እችላለሁ?

ሟች በታወቀ ሕመም፣ በሰው ፊት ያረፈ ከሆነ ጥያቄው አይነሣም። ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ ሰውየው ብቻውን ሞቶ ከተገኘ ወይም ደም ካለ ግን ምንም ነገር አትንኩ፤ መስኮት ለመክፈት እንኳ አትግቡ። የአዲስ አበባ ፖሊስ ስልክ 991 ነው። ፖሊስ ቦታውን አይቶ፣ አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዶ (በአዲስ አበባ ይህ ለረጅም ዘመን የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሥራ ሆኖ ቆይቷል)፣ «አሁን ማጽዳት ትችላላችሁ» እስኪባል መጠበቅ ያስፈልጋል።

በፍራሽ ላይ ያለ የደም ቅርጽ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ከኀፍረት የተነሣ ቸኩሎ ጠርጎ ሲያጥብ፣ በኋላ ጥያቄው የሚዞረው ወደ ራሱ ነው። ፈቃድ የሰጣችሁን መርማሪ ስምና ቀኑን ጻፉ። አንድም ዕቃ ከማንሣታችሁ በፊት ክፍሉን ፎቶ አንሡት፤ ለአከራይም፣ ለወራሽም፣ ለመድን ድርጅትም ያስፈልጋል።

ፈሳሽ የሚመጥጥ ዕቃ የሚባለው የትኛው ነው?

ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ጠብታው ኳስ ሆኖ ላዩ ላይ ከቆመ ዕቃው አይመጥጥም፤ ከሰረገ ይመጥጣል። የጥጥና የስፖንጅ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ሶፋ፣ ሞኬት፣ አጎዛ፣ ሰሌን፣ ካርቶን፣ መጽሐፍ፣ ቺፕውድ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ያልተቀባ ጣውላ፣ ጂፕሰም፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ የጭቃ ግድግዳና መደብ ሁሉም ይመጥጣሉ። ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ቀለም የተቀባ የብረት አልጋና የፕላስቲክ ወንበር አይመጥጡም፤ እነዚህ ታጥበው፣ በበረኪና ተወልውለው ይተርፋሉ።

ሰው የሚስተው መካከለኞቹን ነው። ሴራሚኩ አይመጥጥም፤ በሁለት ሴራሚኮች መካከል ያለው ስስ መስመር ግን ይመጥጣል። የብረት አልጋው ይተርፋል፤ ፍራሹን የተሸከመው የጣውላ ርብራብ ግን አብሮ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ ሊሾም ድንጋይ ቢመስልም ጥቃቅን ቀዳዳ አለው።

ጠንካራ በረኪና ባፈስበትና ፀሐይ ላይ ባደርቀው አይጸዳም?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱ አይጸዳም ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሲያገኝ ከእነርሱ ጋር ተዋግቶ ያልቃል። በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሲፈስ የላይኛውን ጨርቅ ያነጣዋል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ወርዶ ወደ ተከማቸው ፈሳሽ የሚደርሰው ግን ውሃው እንጂ ኃይሉ አይደለም። እንዲያውም የፈሰሰው ውሃ እድፉን ወደ ታችና ወደ ጎን ይገፋዋል። ላዩ ነጥቶ፣ ሽታው ለሁለት ቀን ጠፍቶ፣ ሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሙቀት ሲነካው ይመለሳል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ለሁለተኛ ጊዜ ይሰበራል።

በረኪና ጥሩ የሚሠራው መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙናና በውሃ ከተወገደ በኋላ፣ በማይመጥጥ ገጽ ላይ ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ብርጭቆ በረኪና በዘጠኝ ብርጭቆ ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ለነካው ገጽ የሚመከረው ይህ ነው። ቀብታችሁ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አቆዩት። የተበጠበጠው በየቀኑ ይለወጣል፤ ያደረ ውህድ ኃይሉ ይደክማል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ብዙ ሽንት ባለበት ቦታም በቀጥታ አይፈስም፤ አስቀድሞ በውሃ ይታጠብ።

የሰፈር እናቶች ለቀስተኛ ሳይደርስ ባዶ እጃቸውን ሊያጸዱ ተነሡ። እንዴት ብዬ ልከልክላቸው?

ከልክሉ። ይህ አክብሮት ማጣት አይደለም። ድንኳን እየተተከለ፣ ወጥ እየተሠራ፣ «ሰው ሳይመጣ» ተብሎ በችኮላ የሚደረገው ጽዳት ትልቁ አደጋ ነው። ክፍሉን ቆልፉትና ለቀስተኛውን በድንኳን ወይም በሌላ ክፍል ተቀበሉ። የተቆለፈ በር ማንንም አያስቀይምም፤ ከሠልስት በኋላ በተረጋጋ ልብ ይሠራል።

ምክንያቱን ለሚጠይቁ እናቶች እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው። ብዙ ሰው የወፍ በሽታ የሚለውን የጉበት ብግነት ከሚያመጡት አንዱ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው፤ በደረቀ ደም ላይም ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ኤችአይቪ ከሰውነት ውጭ ቶሎ ይደክማል፤ ሄፓታይተስ ግን አይቸኩልም። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጓዳ ገብተው የሚያጸዱት እናቶች በሕፃንነታቸው አልተከተቡም ማለት ነው፤ እጃቸው ላይ ደግሞ የሽንኩርት ቢላ ጭረት አይጠፋም።

ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ድርብ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ አፍና አፍንጫን አጥብቆ የሚይዝ ጭንብል፣ መነጽር፣ የዝናብ ልብስ ወይም ረጅም ላስቲክ ይልበሱ። ዕድሮች ድንኳን፣ ድስትና ወንበር እንደሚያስቀምጡ ሁሉ አንድ ካርቶን ጓንት፣ ጥቅል ላስቲክና ሰፊ ፕላስተር በዕቃ ቤታቸው ቢያኖሩ ወጪው ትንሽ ነው። ይህን በየዕድሩ ስብሰባ ላይ አንሡልኝ። መርፌ ወይም ስለት የወጋው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል።

ፍራሹን ከክፍሉ እንዴት ነው የማወጣው?

መጀመሪያ መንገዱን አዘጋጁ። ከአልጋው እስከ ውጭው በር ላስቲክ ዘርጉ፤ ልጆችን አርቁ፤ መስኮቶችን ክፈቱ። ፍራሹ ላይ የተበጠበጠ በረኪና በቀስታ አርከፍክፉበት። ይህ ለማጽዳት ሳይሆን የደረቀው እንዳይቦን ነው፤ ስለዚህ እርጥብ ይበለው እንጂ አይዋኝ። በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ አንሶላ አታራግፉ። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ከአራቱ ማዕዘን ወደ መሐል እያጠፋችሁ ጠቅልሉና ከረጢት ውስጥ ክተቱ። ኪሶችንና ከትራስ ሥር ያለውን በእጅ ከመዳሰስ በፊት በዓይን እዩ፤ መርፌ፣ ምላጭ፣ የመነጽር ስባሪ ይኖራል።

ከዚያ ፍራሹን እድፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፉት። ወፍራም ሆኖ ካልታጠፈ ሙሉውን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ በቢላ መቆራረጥ ፈሳሹን ይበትናል። ፌስታል አይበቃም። ለግንባታ የሚሸጠውን ወፍራም ላስቲክ ሁለት ዙር ጠቅልላችሁ መጋጠሚያውን ሁሉ በፕላስተር እሸጉ። ከመጠቅለላችሁ በፊት የላይኛውን ጨርቅ በሁለት ሦስት ቦታ ቅደዱት፤ በትልቁም የመስቀለኛ ምልክት በቀለም ሥሩበት። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። በላስቲኩ ላይ «የተበከለ፤ አይከፈት» ብላችሁ ጻፉ።

ፍራሹ ከወጣ በኋላ ሥራው አላለቀም። ርብራቡን፣ የአልጋውን ራስጌ፣ ከአልጋው ሥር ያለውን ሻንጣና ጫማ ተመልከቱ። ጓንት ሲወልቅ የውጪው ጓንት መጀመሪያ፣ ወደ ውስጥ ተገልብጦ፤ ከዚያ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ምንጣፉ ላይ ያለው እድፍ የእጅ መዳፍ ያህል ነው። ያንን ብቻ ቆርጬ ባወጣስ?

ምንጣፉን ገልብጡት። ከላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል እድፍ ከሥር ሰፌድ ሊያህል ይችላል፤ ፈሳሽ ወለል ሲነካ ወደ ጎን ይሄዳልና። የምትቆርጡት በሥሩ ባለው እድፍ ልክ ነው፤ ከእድፉ ጠርዝም ወደ ንጹሑ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ጨምሩ። ከሞኬት ሥር የተነጠፈ ስፖንጅ ካለ እርሱ ከላዩ የበለጠ ጠጥቷልና ይወጣል። ትንሽ የሚነሣ ምንጣፍ ከሆነ መቁረጡ ትርጉም የለውም፤ ሙሉውን አስወግዱት።

ወለሉና ግድግዳውስ?

የድሮ አዲስ አበባ ቤቶች የጣውላ ወለል ከሥሩ ባዶ ቦታ አለው። ፈሳሹ በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ወርዶ አፈሩ ላይ ካረፈ፣ ላዩን ስንት ቀን ብታጥቡት ሽታው አይለቅም። የጠቆሩት ጣውላዎች ተነቅለው ይወጣሉ፤ ከሥር ያለው አፈር እርጥቡ እስኪያልቅ ተዝቆ በንጹሕ አፈር ይተካል። የጭቃ ግድግዳና መደብ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ደረቅና ሽታ የሌለው ጭቃ እስኪገኝ ድረስ እየረጠበ ይፋቃል፤ ከዚያ በጭድ በተቦካ ጭቃ እንደገና ይለሰናል። ቺፕውድ ከጠጣ ያብጣል፤ ለማትረፍ አትድከሙ።

ሲሚንቶ ሊሾ በሳሙና ይፈተጋል፣ በ0.5 በመቶ በረኪና ይታከማል፣ በደንብ ይደርቃል፤ ሽታ ከቀረ ላዩ ተፍቆ አዲስ ሲሚንቶ ይለበጣል ወይም በዘይት ቀለም ይታፈናል። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ ቆሻሻው ሳይወጣ የተቀባ ቀለም ሽታውን ለጥቂት ሳምንት ብቻ ይደብቃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን ጎረቤት ኮርኒስ ሄዳችሁ እዩ። የሚያስቸግር ጉብኝት ነው፤ ነገር ግን ጎረቤቱ ምንነቱን ሳያውቅ እድፉን በባዶ እጁ ከሚጠርገው ይሻላል።

የታሸገው ፍራሽ የት ነው የሚጣለው?

ጨለማን ጠብቆ ገንዳ አጠገብ መተው መፍትሔ አይደለም። ወደ ወረዳው የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምን እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ ተሽከርካሪና ቀን ጠይቁ። በየቤቱ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት የማኅበር ልጆችም አትደብቁ። እነርሱ ማዳበሪያውን በትከሻቸው ነው የሚሸከሙት። ጓንት፣ ትራስና አንሶላ የመሳሰሉ ትናንሽ ነገሮችን ማቃጠያ ያለው ጤና ጣቢያ ሊቀበል ስለሚችል ጠይቁ።

የቀደድነውና ምልክት ያደረግንበት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሰው እጅ ሳይነካው አይቀበርም። ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁት በዚያ ቦታ ላይ የሚኖሩና ከዚያ ለቅመው የሚያድሩ ቤተሰቦች ስለነበሩ ነው። ደህና የሚመስል ፍራሽ መንገድ ላይ ከተተወ ማታውን አንድ ሰው ይተኛበታል፤ ወይም ስፖንጁ ወጥቶ ተቆራርጦ ለሌላ ትራስ ይሞላል። በዚሁ ምክንያት ለቆራሌው አትሽጡ፤ በነጻም አትስጡት። ለራሳችን ልጅ ያልፈቀድነውን ለድሃ ልጅ መስጠት ምጽዋት አይባልም።

ባቃጥለውስ?

ስፖንጅ ፍራሽ ግቢ ውስጥ አይቃጠልም። ሲነድ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጥቁሩ ጭስ በተጠጋጋ ሰፈር ውስጥ የጎረቤትን ሕፃን ይደርሳል። የሶፋ ስፖንጅና ሞኬትም እንዲሁ ናቸው።

የቆሻሻ መኪና በማይደርስበት ገጠር የሚሻለው መቅበር ነው። ጉድጓዱ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ጎርፍ በማይወርድበት ቦታ ይሁን፤ የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ከላዩ አንድ ሜትር ያህል አፈር ተመልሶበት ይጠቅጠቅ፤ ጅብና ውሻ እንዳይቆፍሩት ድንጋይ ይጫንበት። ሰሌን፣ ጭድና የጥጥ ፍራሽ ከቤት ርቆ፣ ነፋሱ ወደ ሰው በማይነፍስበት ሰዓት ጉድጓድ ውስጥ ተቃጥሎ አመዱ ሊቀበር ይችላል።

የእናቴን ጋቢና መጻሕፍቷን መጣል አልችልም። ምን ላድርግ?

ፈሳሽ ካልነካቸው አትጣሏቸው። በአንድ ክፍል ስለነበሩ ብቻ ሽታ የያዙ ልብሶች ታጥበው ነፋስና ፀሐይ ላይ ሲሰነብቱ ይለቃሉ። ትንሽ ደም የነካው ጋቢ በጓንት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው ደሙ ይጣበቃል። ከዚያ ነጭ ጥጥ ስለሆነ 0.05 በመቶ ክሎሪን ውስጥ (አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና ለ99 እጅ ውሃ) ለሠላሳ ደቂቃ ይነከር፤ ጥለቱ ግን ሊለቅ ይችላል። ዳር እስከ ዳር ከራሰ ግን ይቅር። ከንጹሑ ጥለት አንድ ስንዝር ቆርጠው ያስቀሩ ሰዎች አሉ፤ ጥሩ አድርገዋል።

የራሰ ፎቶና ሰነድ ግልጽ በሆነ ፕላስቲክ ውስጥ ከታሸገ በኋላ በላዩ በስልክ ይነሣል፤ ዋናው ይወገዳል። ዳዊት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁርአን ከሆነ ከሌላው ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት። ለብቻው አሽጉትና ለንስሐ አባት ወይም ለመስጊዱ ኢማም ምን እንደነካው ነግራችሁ በክብር የሚቀበርበትን መንገድ ጠይቁ።

ሟች ተላላፊ በሽታ ነበረበት። ሁሉም ነገር ይለወጣል?

እንደ በሽታው ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአየር እንጂ በብርድ ልብስ አይተላለፍም፤ ክፍሉን አናፍሱ፣ ልብሱን እጠቡ፣ ፍራሹን ስለ ነቀርሳው ብቻ አትጣሉ። ኤችአይቪም እንዲሁ፤ ጥንቃቄው ለማንኛውም ደም የሚደረገው ነው። ኮሌራ ግን ሌላ ነገር ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ተነሥቶ ብዙ ክልሎችን ባዳረሰው ወረርሽኝ እንደታየው፣ ተቅማጥ የነካው ፍራሽና ልብስ ወንዝ ውስጥ ከታጠበ የታችኛው ሰፈር ይታመማል። ወደ ወንዝ አትውሰዱት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ።

ደም የሚያስፈስስ ትኩሳት ከተጠረጠረ፣ ለምሳሌ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ እንደተረጋገጠው የማርበርግ ቫይረስ፣ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ አይሠራም። አስከሬኑንም ፍራሹንም አትንኩ፣ አትገንዙ፣ አትጠቅልሉ። ቤቱን ዘግታችሁ በ8335 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን አሳውቁ፤ ሥራው የሠለጠነ ቡድን ብቻ ነው።

ሁሉም ወጥቷል፣ ሽታው ግን አልጠፋም። ዕጣን እያጨስን ነው።

ዕጣኑ ለጸሎት ይሁን፤ ሽታ ካለ ግን ያልተገኘ ምንጭ አለ። ቀትር ላይ ቤቱ ሲሞቅ ዘግታችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ ግቡና በአፍንጫ ተከተሉት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በግድግዳና በወለል መጋጠሚያ፣ ከበር ደፍ ሥር፣ ከሶፋው የውስጥ ጨርቅ ወይም በመጋረጃው ነው። ዝንብ የሚሰበሰብበት ቦታም ይጠቁማል። ሽታው ራሱ በሽታ አያስይዝም፤ ስለዚህ በፍርሃት አትቸኩሉ። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥላችሁ ልታስለቅቁት ግን አትሞክሩ፤ የከሰል ጭስ ሌላ ሞት ያመጣል።

ወንድማችን አሜሪካ ውስጥ ብቻውን በሚኖርበት አፓርታማ ሞቶ ከቀናት በኋላ ተገኘ። ዕቃውን ጓደኞቹ ያውጡት?

የራሰውን አያውጡ። ቤቱ መጀመሪያ በፖሊስና በሞት መርማሪው ጽሕፈት ቤት መለቀቅ አለበት። እዚያ ይህን የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ሠራተኞቻቸውም ደም ወለድ በሽታን በሚመለከተው በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት ደንብ ይጠበቃሉ። በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለ ድርጅት በግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ የምዝገባ ወረቀት ጠይቁ። ዋጋው ከባድ ነውና ሳትፈርሙ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በሐዘን ሰዓት በስልክ «እሺ» ማለት ብዙ ቤተሰብ አስቆጭቷል።

ክፍያውን ብቻችሁን ከመሸከማችሁ በፊት የአፓርታማውን ባለቤት መድንና የወንድማችሁን የተከራይ መድን አስጠይቁ። ሞቱ በወንጀል ከሆነ በየግዛቱ ያለው የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፈንድ በብዙ ቦታ የጽዳት ወጪ ይሸፍናል። ጓደኞቹ ሊረዱ የሚችሉት ፓስፖርቱን፣ ስልኩንና ሰነዶቹን ድርጅቱ ከቆሻሻው ለይቶ እንዲያስቀምጥ አስቀድመው ዝርዝር በመስጠት ነው። አንድ ጊዜ ታሽጎ የወጣ ከረጢት ተመልሶ አይከፈትም።